ቆጮ ላይ የተጫነው የግራይንደር ድንጋይ

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ ነው የተባረርኩት።

የመጣሁት ከበዴሳ ነው። እዚያ ሞተር ሳይክል እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቡሎን ይተርፈኛል፤ ሞተሩ ግን ይነሳል። እንደዚህ ዓይነት ባለሙያ በዴሳ ላይ መባከን የለበትም አልኩና ሶዶ ወጣሁ።

ሐጂ ሙደሲር ከአረካ መንገድ ገባ ብሎ የሞላ መሥሪያ ወርክሾፕ ነበራቸው። የባጃጅ ሾክ አብዞርበር ውስጥ የሚገባውን፣ የወፍጮ ማሽን ላይ የሚገጠመውን፣ ብቻ የሚለጠጥና የሚታመቅ ነገር ሁሉ ይሠራሉ። ቤተሰባቸው ከስልጤ ነው የመጣው፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ወላይትኛውን ከእኔ በላይ ያፈጥኑታል።

“ምን ትችላለህ?” አሉኝ።

“ሁሉንም።”

“ሁሉን ለሚችል ሰው እኔ ጋ ቦታ የለም። በል ሂድ።”

ይኼ አንደኛው ነው። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩና “እሺ፣ ግማሹን” ስላቸው ሳቁ፤ ቱታ ሰጡኝ።

ሁለተኛው የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሽቦ በቶርኖ ጠምጥሜ ጫፉን ሳልይዝ ለቀቅኩት። የሞላ ሽቦ እንደ እባብ ነው፤ ተፈተለከና የሐጂን ቆብ ከራሳቸው ላይ አንስቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ራሳቸው በቦታው ነበር። “ውጣ” አሉኝ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ።

ይሄኔ መጥረጊያ ይዛ ጥግ ላይ የቆመች ሴት ተናገረች። “ሐጂ፣ ይኼን ስህተት እኛ ጋ ተምሮ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊጠቀምበት ነው? የተማረበት ይሥራ እንጂ።”

ሐጂ ቆባቸውን አራገፉና ወደ ሽቦው መለሱኝ። ሴትዮዋ ታደለች ትባላለች። ሥራዋ ጽዳት ነው፣ ሞላ ትቆጥራለች፣ ኦቨን ትጠብቃለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። እንጀራዬን ያተረፈችልኝ የመጀመሪያው ቀን ይኼ ነው፤ ስንተኛ ጊዜ እንደደረሰች አሁን ቆጠራው ጠፍቶብኛል።

ሞላ ሲሠራ ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሽቦው በብረት ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ኦቨን ይገባል፤ ካልገባ ቁጣው ውስጡ ይቀራል፣ ትንሽ ሠርቶ ይልፈሰፈሳል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎቹ ይሞረዳሉ። ጫፉ ጠፍጣፋ ያልሆነ ሞላ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሸክም ሲመጣበት በጎን ይጎብጥና ይሰበራል። ያን ጊዜ የምንሞርደው አንድ በአንድ፣ በእጅ፣ ትንሿ የጠረጴዛ ግራይንደር ላይ ነው። ሞርደህ የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ጎን ስታቆመው ወደ አረካ ያዘነብላል። አስተካክለህ ስታቆመው ደግሞ ወደ በዴሳ።

በሦስተኛው ዓመቴ ሐጂ ትልቁን ማሽን አመጡ።

ሁለት ድንጋይ አለው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ። እያንዳንዱ የባጃጅ ጎማ ያክላል። በመሃላቸው ብዙ ቀዳዳ ያለው ክብ ሳህን ይዞራል። ሞላውን ቀዳዳው ውስጥ ታቆመዋለህ፤ ሳህኑ በሁለቱ ድንጋይ መሃል ያሳልፈዋል፤ ሁለቱም ጫፍ ባንዴ ይሞረዳል። እኛ ሦስት ቀን የምንለፋበትን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ከመጀመሪያው ቀን ነው የወደድኩት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትቀናበታለች።

ሊተክለው ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ውሎ አንዴም አልሳቀም፤ ይኼ ቀላል ችሎታ አይደለም። ድንጋዩን በመሃል ቀዳዳው በኩል ዘንግ ላይ አንጠለጠለና ጠርዙ አካባቢ በእንጨት መዶሻ መታ አደረገው። ድንጋዩ ጮኸ።

“ደህና ድንጋይ እንዲህ ይጮኻል” አለ። “የተሰነጠቀ ይታፈናል። የተሰነጠቀውን አስራችሁ ካስነሳችሁት ማሽኑ በፍጥነት ሲያዞረው ይበተናል። ጥይት በሉት።”

“እኔ ሞተር ሳይክል የምመረምረው በድምፅ ብቻ ነው፤ ይኼ ለእኔ ምንም አይደለም” አልኩት።

ታደለች ከኋላችን ሆና “ሸክላ ነው” አለች።

“ምኑ?”

“ይኼ ነገር። ድንጋይ ትሉታላችሁ እንጂ ሸክላ ነው። እሳት ገብቶ የወጣ ነው።”

ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። “ልክ ነሽ። የሚሞርደውን ብናኝ አጣብቆ የያዘው የተጠበሰ ሸክላ ነው። ማን ነገረሽ?”

“ድምፁ።”

ታደለች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ማን አብሮት እንደማይበላ የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚህ አልደግመውም። ልጅ ሆና የእሷ ሥራ ከእሳት የወጣውን ማሰሮና ድስት ሁሉ በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ደህናውን ከስንጥቁ መለየት ነበር። ስንጥቅ ድስት የሸጠች ሴት በሚቀጥለው ገበያ የሚጠብቃትን ስድብ አትችለውም። ስለዚህ የታደለች ጆሮ መሳሳት አልተፈቀደለትም ነበር።

ባለሙያው ለማሳያ የያዘው አንድ ትንሽ ስንጥቅ ድንጋይ ነበረው። እኔንም እሷንም እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንዴ ደህናውን አንዴ ስንጥቁን እያፈራረቀ አምስት ጊዜ መታ። እሷ አምስቱንም አገኘች። እኔ ሦስት አገኘሁ፤ ሁለቱ አከራካሪ ናቸው።

ሲሄድ ለሐጂ “ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር እሷ ትኑር” አላቸው። ስለ እኔ ምንም አላለም፤ ሚኒባሱ ቸኩሎ ነበር።

የቀረውን ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የሚያወራው ቻይንኛ ነው፤ እጁ ግን የሚገባኝን ቋንቋ ያወራል። እኔ አይቼ እመጣለሁ፣ ታደለች “ለምን?” ትላለች፣ ለምኑን ካላወቅኩ ተመልሼ አያለሁ። እንደዚህ አድርገን የራሳችንን ሥርዓት አወጣን።

ድንጋይ ሲቀየር መጀመሪያ ዋናው ማጥፊያ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። አንዴ ቁልፉን እንዳንጠለጠልኩ ቤቴ ሄጄ ወርክሾፑ ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። ሐጂ ተቆጡ፤ የሁሉም ጣት ግን አሥር ነበር።

ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነበባል። የተፈቀደለት ዙር ከማሽኑ ዙር ካነሰ አይታሰርም፣ አለቀ። ማሰሪያው ብረት በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከሥሩ አንዲት የብረት ብናኝ ከቀረች ድንጋዩ የሚሰነጠቀው እሷ ጋ ነው። በብረቱና በድንጋዩ መሃል ካርቶን ይገባል። ቡሎኖቹ ትይዩ ትይዩውን እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። የቡሎን መፍቻው ቺያቬ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅ የበዴሳ ዘዴ ነው፤ የእኔ ነበር። ታደለች ናት ያስተወችኝ። “እንቁላል ነው የምታስረው” ትለኛለች።

ከዚያ በእጅ አንድ ዙር ይዞራል። ሽፋኑ ይዘጋል። ከፊት ለፊቱ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ የሚያስነሳውም በጎን ነው የሚቆመው። ባዶውን ይሽከረከራል፣ እኛ እንሰማለን። ድምፁ ከተስማማን ፊቱ በአልማዝ ጫፍ ይስተካከላል፤ ከዚያ ስድስት ሞላ ብቻ እናስገባና በካሊፐር እንለካለን። ጫፋቸው ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥለዋል፣ ቸኩለሃል ማለት ነው። መነጽር አለ፣ ጓንት የለም። ጓንት እጅህን የሚጠብቅልህ ይመስልሃል፤ ማሽኑ ግን ጓንቱን ይይዝና እጅህን ይጠራዋል።

ይኼን ሁሉ ስንሠራ እኔ በማዕረግ ኦፕሬተር ነኝ። እሷ አሁንም ጽዳት።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ከማሽኑ ጋር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አንድ መለዋወጫ ድንጋይ መጥቶ ነበር፤ የማስቀመጥ ኃላፊነቱ የእኔ። በዚያ ቀን የጋሪያችን ጎማ ተንፍሶ ነበር። ስለዚህ ከበሩ ጀምሬ እንደ ልጅነቴ ጎማ እያንከባለልኩ ወሰድኩት፣ እያፏጨሁ። የግቢው የሲሚንቶ ቦይ ጋ ስንደርስ አመለጠኝና ወደቀ። አቃናሁት፣ አራገፍኩት፣ የዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። ታደለች “መጋዘን አስገባው እንጂ፣ ዝናብ ይመታዋል” ስትለኝ “ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ምን ያደርገዋል?” አልኳት። መውደቁን ለማንም አልነገርኩም። ደብቄ አይደለም፤ ረሳሁት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በዓል በፊት የባጃጅ ሾፌሮቹ ማኅበር ትልቅ ትዕዛዝ አመጣ። ተወካያቸው ቶማስ ይባላል፣ ከወገቡ ይልቅ ምላሱ የሚወፍር ሰው ነው።

“ሐጂ፣ የጊፋታ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ነው የሚሄደው። ባጃጆቻችን ደግሞ ሞላቸው አልቆ ብረት በብረት ሆነዋል፤ ተሳፋሪ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው። ከበዓሉ በፊት ካላደረሳችሁ ሐዋሳ እናዛለን።”

“ሐዋሳ ያለው ዓሣ ነው” አልኩት፣ ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ። “በአሥር ቀን ትወስዳለህ።”

ቶማስ ሲወጣ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። “አሥር ቀን ያልከው አንተ ነህ። እንግዲህ ስማ፤ ይኼ ትዕዛዝ ካመለጠ ማሽኑን እሸጠዋለሁ። የሚገዛኝ ሰው አለ። ቆሞ የሚውል ማሽን አልችልም።”

በማግስቱ የታችኛው ድንጋይ አለቀ። ወረቀቱ ከሚፈቅደው በታች ሳስቷል፤ ከዚያ በኋላ ማሠራት ሞት መጥራት ነው። ለእኔ ምንም አልመሰለኝም። መለዋወጫው አለ አልኩና ወደ ዘበኛው ቤት ሄድኩ። ግድግዳው አለ፤ ድንጋዩ የለም።

ዘበኛችን አባባ ዳልጋ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሰው ጫማውን ሲያይ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ባለቤታቸው እማማ ዘነቡ ከግቢው ጀርባ እንሰት ተክለዋል፤ እዚያው ቆጮ የሚቀብሩበት ጉድጓድ አላቸው። ወሰዱኝ። ጉድጓዱ በኮባ ተሸፍኗል፣ ኮባው ላይ ድንጋያችን ቁጭ ብሏል፣ ልክ በልኩ፣ እንደ ክዳን።

“እማማ፣ ይኼ የማሽን ዕቃ ነው እኮ።”

“እኔ በምን ልወቅ? ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ከባድ ነው። ጌታ ለቆጮዬ የላከልኝ መስሎኝ አመስግኜበታለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ይኼ ሁለተኛው ቆጮ ነው።”

አወጣነው፣ አጠብነው። ከውኃውም ከቆጮውም ጠጥቷል። ታደለች አንጠልጥላ መታችው፤ ትራስ የመታች ነው የሚመስለው።

“እርጥብ ነው” አለች። “እርጥብ ሸክላ አይናገርም። ሳይደርቅ ምንም ልላችሁ አልችልም።”

“ኦቨን እናስገባው” አልኩ።

“ባንዴ ካሞቅኸው ደህናውም ይሰነጠቃል። ኦቨኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ።”

ሦስት ቀን አደረቅነው። በየቀኑ እያገላበጠችው ትመዝነዋለች፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው ደረቀ ያለችው። ወርክሾፑ በሙሉ ቆጮ ቆጮ ሸተተ። በሦስቱ ቀን ቶማስ አራት ጊዜ መጣ። “ሞላ ነው የምትሠሩት ወይስ ምሳ?” ይላል።

በአራተኛው ቀን ተሰበሰብን። ቶማስም ነበር። ታደለች አንጠለጠለችው፣ መታችው። ድንጋዩ ጮኸ።

“ይኸው!” አልኩ። “ደወል ነው። ቺያቬውን አምጡ፣ ልሰረው።”

“ቆይ” አለች። አዙራ መታች። ደግማ አዙራ መታች። ዓይኗን ጨፈነች። “ሁለት ድምፅ አለው። እዚህ ጋ ሲመታ ይጮኻል፤ እዚህ ጋ ሲመታ ጩኸቱ መሃል ላይ ይቆረጣል። አንድ ሸክላ ሁለት ድምፅ የለውም።”

“ያልደረቀ ቦታ ይሆናላ” አልኩ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር። ግን አሥር ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከአሥሩ አራቱ አልቋል፤ ማሽኑ ሊሸጥብኝ ነው።

“እርጥብ ከሆነ ሁሉም ቦታ ይታፈናል እንጂ አይቆረጥም። ሐጂ፣ ይኼ ስንጥቅ ነው።”

ሐጂ ድንጋዩን ዞረው አዩት። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። “ከአዲስ አበባ ሌላ አለ ብለውኛል፤ በጭነት መኪና ሲላክ ግን ከበዓሉ በኋላ ነው የሚደርሰው። ታደለች፣ እርግጠኛ ነሽ?”

“ስበሩት፣ ትንሿም ስንጥቅ ትታያለች። ደህና ሆኖ ከተገኘ እኔ መጥረጊያዬን አስቀምጬ እሄዳለሁ።”

ታደለች ሦስት ልጅ ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። “ማርቆስ፣ አንተ ደህና ነው ትላለህ?”

“ደህና ነው።”

“እሰረውና አንተ አስነሳዋ። እኛ ውጭ እንጠብቅሃለን።”

እኔ ማርቆስ፣ ለለቅሶ ቤት ቀልድ የማያልቅብኝ ሰው፣ ቺያቬውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ጆሮዬ አልሰማም እንጂ እግሬ ሰምቶ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። ሁሉም እግሬን አዩት።

“ስበሪው” አሏት ሐጂ።

ታደለች የብረት መዶሻ አነሳች። “ደህና ሸክላ ላይ መዶሻ ማንሳት በእኛ ቤት ነውር ነው” አለች ለራሷ። ከዚያ መታችው፣ አንዴ።

ለሁለት ተከፈለ። ከመሃል ቀዳዳው ወደ ጠርዙ በሚሄደው ስብራት ላይ አሁን የተሰበረው ክፍል ነጭ ነው። ከቀዳዳው ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ግን ቡናማ ሆኗል። ሐጂ ጣታቸውን አስነክተው አሸተቱ።

“ቆጮ” አሉ።

የቆጮው ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አቅልሞታል። ሁላችንም ቆመን አየነው። ቶማስ ቀስ ብሎ ከማሽኑ ፊት ዞር አለ፤ ማሽኑ እንደጠፋ ነው እኮ።

ሐጂ ወደ አባባ ዳልጋ ዞሩ። “ሴትዮዋ ናታ የጣለችው። ጉድጓድ ላይ ስትጭነው ነው የተሰነጠቀው።” እማማ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ።

“አይደለም” አለች ታደለች። “ኮባ ለስላሳ ነው፤ ኮባ ላይ የተቀመጠ ሸክላ አይሰነጠቅም። እንዲህ ያለ ስንጥቅ የሚመጣው ጠንካራ ነገር ላይ ሲወድቅ ነው። ስንጥቁ ኖሮ ነው ውኃው የገባው።”

“ታዲያ ማን ጣለው?”

ያን ጊዜ ቦዩ ትዝ አለኝ። ፉጨቱም ትዝ አለኝ፤ የቱ መዝሙር እንደሆነ ሳይቀር።

“እኔ” አልኩ።

በዚያ ግቢ ከተናገርኩት ሁሉ አጭሩ ንግግር ይኼ ነው። ከዚያ ማንከባለሉንም መውደቁንም ነገርኳቸው። ታደለች አየችኝና “የዚያኑ ቀን ብትነግረኝ የዚያኑ ቀን አንኳኳው ነበር” አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“ነገ አዲስ አበባ ትሄዳለህ” አሉኝ ሐጂ። “ድንጋዩን ትቀበላለህ። ጭነት ላይ አይወጣም፣ ከወንበር ሥር አይገባም። ጭንህ ላይ አድርገህ ታመጣዋለህ። ወላሂ መሬት ከነካ አንተም ወደ ወርክሾፑ እንዳትመለስ።”

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና እስከ ሶዶ ድንጋዩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታቅፌው መጣሁ። ከቡታጅራ በኋላ እግሬ የእኔ መሆኑን አላውቅም። ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ስታየኝ ቆይታ ጠየቀችኝ።

“ወንድሜ፣ ምንድነው የታቀፍከው?”

“ልጄ ነው።”

“ፀጥ ያለ ልጅ ነው።”

“ሲመቱት ነው የሚጮኸው።”

ሆሳዕና ለምሳ ሁሉም ወረደ፤ እኔ አልወረድኩም። ሴትዮዋ ዳቦ ገዝታ መጣችና እየቆረሰች አጎረሰችኝ፤ ሁለቱም እጄ ተይዟል። “የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ እንጂ አባቱስ ጥሩ ነህ” አለችኝ።

ሶዶ መናኸሪያ ስደርስ ታደለች በሩ ላይ ቆማለች፣ የእንጨት መዶሻዋን ይዛ። ቶማስና ሾፌሮቹም ባጃጆቻቸውን አስነስተው እየጠበቁ ነው። ሰላም እንኳን አላለችኝም። ሁለት ሾፌር በቀዳዳው ዘንግ አስገብተው ከሁለት ወገን እንዲይዙት አደረገች።

“ሞተር አጥፉ” አለች።

“እዚህ መናኸሪያ ነው እኮ፣ እቴ” አለ አንዱ።

“የሞላው ባለቤት አንተ ነህ። መስማት ካልፈለግክ አታጥፋ።”

ቶማስ አፏጨ። ሞተሩ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ። ረዳቶቹ “አረካ! አረካ!” ማለታቸውን አቆሙ። መናኸሪያው እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ታደለች መታችው። ድንጋዩ ጮኸ፣ ጩኸቱ ተሳበ፣ ተሳበ፣ ሳይቆረጥ ራቀ። አዙራ መታች፤ ያው ድምፅ። ሦስቴ፣ አራቴ።

“ሎዖ” አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ደህና ገባህ?”

ያን ቀን ድንጋዩን ስናስር ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ እሷ አንገት ላይ አደረግኩት። ካርቶኑን ቆረጥኩ፣ ብረቱን ጠረግኩ፣ ቡሎኖቹን እሷ እያየች አጠበቅኩ። ባዶውን ሲሽከረከር ሁለታችንም በጎን ቆመን ሰማን። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሞላዎች ወጡ። ስኳድራው ጎን አቆምናቸው። ወደ አረካም ወደ በዴሳም አላዘነበሉም።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሳጥን ወጣ። ቶማስ የራሱ ባጃጅ ላይ አስገጠመና እማማ ዘነቡን አሳፍሮ ግቢውን ጎርባጣውን ሁሉ እየመረጠ ዞረ። እማማ ሲወርዱ ወገባቸውን አልያዙም።

ሐጂ ሁላችንንም ሰብስበው “ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ የምታሳስረው ታደለች ናት፤ ማርቆስ ረዳቷ ነው። መጥረጊያውን በተራ ትይዛላችሁ፣ እኔም ጭምር” አሉ። እሳቸው ተራቸውን እስካሁን አልያዙም፤ የቀረው ሁሉ እንዳሉት ሆነ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ “አንቱ” እላታለሁ። “አርጅቻለሁ እንዴ? አንቺ በለኝ” ትለኛለች። አልልም። ማሽኑም እዚያው አለ። ድንጋዩን ስንቴ እንደቀየርነው ረስቻለሁ፤ ሳይንኳኳ የታሰረ ግን አንድም የለም።

የተሰበረውን ድንጋይ ሁለቱንም ግማሽ ሐጂ ለእማማ ዘነቡ መለሱላቸው። ጉድጓዳቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ቆጮው እንደውም ጣፍጧል ይላሉ፤ በጊፋታ ልከውልኝ በልቻለሁ፣ እውነታቸውን ነው።

ለምትተኩን ልጆች የምነግረው ይኼን ነው። ድንጋይ አታንከባልሉ፤ በጋሪ ወይም በእቅፍ ይሄዳል። ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ከመታሰሩ በፊት ይንኳኳል፣ ከእናንተ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው ካለ እሱ ይስማው። የጣላችሁትን ነገር ደግሞ በጣላችሁበት ቀን ተናገሩ።